ጽዋና እንግዳ፦ በማኅበር ጸሎት የእግዚአብሔርን ረድኤት ስለ መጥራት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ዘንድ በወር አንድ ጊዜ፣ በጌታ ወይም በእመቤታችን ወይም በአንድ ቅዱስ መታሰቢያ ዕለት፣ በአባላቱ ቤት በየተራ የሚደረገው ጉባኤ የጽዋ ማኅበር ይባላል። ስለዚህ ማኅበር ከጻፉት ሰዎች ብዙዎቹ የተመለከቱት ከጥቅሙ በኩል ነው፤ ይኸውም አባል ሲታመም መጠየቁን፣ ሲቸገር መረዳቱን፣ ሲሞትም በክብር መቀበሩን ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ዳሩ ግን እንዲህ ያለው አስተያየት ማኅበሩን ከእድርና ከዕቁብ ጋር በአንድ መዝገብ ለማስፈር ቢያመችም፣ ማኅበርተኞቹ ራሳቸው ስለ ጉባኤያቸው የሚናገሩትን ሳይሰማ ያልፋል። እነርሱ በመጀመሪያ የሚናገሩት ስለ ርዳታ ሳይሆን ስለ አንድ እንግዳ መምጣት ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረውም የማኅበሩ ጸሎት ከማዕዱ በፊትና በኋላ የሚባለው ቡራኬ ብቻ አለመሆኑን፣ ከጠላው መጠንሰስ ጀምሮ ጽዋው ወደ ባለ ተረኛው እስኪተላለፍ ድረስ ያለው ሥራ ሁሉ እግዚአብሔርን ወደ ቤት የመጥራት ጸሎት መሆኑን ነው። መረዳዳቱ የዚህ ጥሪ ፍሬ እንጂ ምክንያቱ አይደለም።

አስቀድመን አነጋገሩን እንመልከት። ማኅበርተኛ አባልነቱን ሲገልጽ «ሚካኤልን እጠጣለሁ» ይላል፤ «የሚካኤል ማኅበር አባል ነኝ» ማለት የጽሕፈት ቤት አነጋገር ነው። ተራው ሲደርስም «ለሚመጣው ወር ሚካኤል እኔ ቤት ነው» ይላል። ይህ ቃልን ለማሳጠር ብቻ የመጣ አነጋገር ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ስለ ሌሎቹ ማኅበራት እንዲህ ሲባል አንሰማም። እድር ይከፈላል፤ ዕቁብ ይጣላል፤ ማኅበር ግን ይጠጣል። በእድርና በዕቁብ የሚንቀሳቀሰው ገንዘቡ ሲሆን፣ በማኅበር ግን ከቤት ወደ ቤት የሚዘዋወረው ባለ በዓሉ ነው። በ12 ቅዱስ ሚካኤል፣ በ19 ቅዱስ ገብርኤል፣ በ21 እመቤታችን፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ5 አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ እያንዳንዳቸው በየቀናቸው ማረፊያ ቤት ይዘጋጅላቸዋል። ቤቱ በዚያ ቀን የባለቤቱ መሆኑ ይቀርና ባለቤቱ አስተናጋጅ ይሆናል፤ ሥራውም እንደ ጌታ መቀመጥ ሳይሆን ወገቡን ታጥቆ መቆም ነው።

በዚህ ላይ አንድ የትምህርተ ሃይማኖት ጥያቄ ይነሣል። እግዚአብሔር ምሉእ በኵለሄ ከሆነና የሌለበት ስፍራ ከሌለ፣ እንዴት ወደ አንድ ቤት ይጠራል? ሊቃውንቱ ይህን የሚመልሱት በባሕርይ መገኘትንና በረድኤት መቅረብን ለይተው ነው። በባሕርዩ በሁሉ አለ፤ በረድኤቱ ግን በሚጠሩት ዘንድ ያድራል። የአንድምታ መምህራን መጣ፣ ወረደ፣ ቀረበ የሚሉትን የመጽሐፍ ቃላት ሲተረጉሙ ብዙ ጊዜ «በረድኤት» የሚል ቃል የሚጨምሩት ስለዚህ ነው። እንግዲህ ማኅበርተኛው የሚጠራው ርቆ የነበረውን አምላክ አይደለም፤ ቀርቦ ሳለ ያልተስተናገደውን ነው ማለት ይቻላል። ቅዱሱም የሚጠራው በአምላክ ፈንታ ሳይሆን በአማላጅነቱ ነው፤ ስሙ የሚታሰበው ለስሙ የተሰጠው ቃል ኪዳን ስላለ ነው።

ለዚህ ጥሪ መሠረት ሆኖ ዘወትር የሚጠቀሰው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ሁለት ወይም ሦስት ሆነው በስሙ ለሚሰበሰቡት ጌታ የሰጠው ተስፋ ነው። ይህ ተስፋ ብቻውን ተነጥሎ ሲነገር የቍጥር ነገር ይመስላል። ምዕራፉን ከፍ ብሎ ላነበበው ግን ከተስፋው አስቀድሞ ያለው ትምህርት ወንድም ወንድሙን በበደለ ጊዜ እንዴት እንደሚታረቁ የሚናገር ነው፤ ከተስፋው በኋላም ጴጥሮስ ወንድሙን ስንት ጊዜ ይቅር ማለት እንደሚገባው ሲጠይቅ እናገኛለን። የጌታ መገኘት ከፊትም ከኋላም በዕርቅ የታጠረ ነው። የጽዋ ማኅበርን ሥርዐት ያቆሙት አባቶች ይህን አቀማመጥ ልብ ብለውት እንደ ነበረ ወደ ፊት ከምናየው መገመት ይቻላል።

ሁለተኛው መሠረት የአብርሃም ቤት ነው። ሐምሌ 7 ቀን የሚከበረው የሥላሴ በዓል አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች የተቀበለበት መታሰቢያ ሲሆን፣ ታሪኩም በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ተሥሎ ይታያል። አብርሃም እንግዶቹን የተቀበላቸው ማንነታቸውን አረጋግጦ አይደለም፤ ከሮጠ፣ ካጠበ፣ ካበላ በኋላ ነው የማን እንግድነት እንደ ነበረ የተገለጠለት። ካህኑ ማዕዱን ባርኮ ቤቱን እንደ አብርሃም ቤት እንዲያደርገው ሲመርቅ፣ የሚመኝለት የሀብት ብዛት ብቻ ሳይሆን የዚያ ዓይነት እንግዳ መግባት ነው።

ሦስተኛው ዝክር ነው። በየገድላቱና በየድርሳናቱ መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር ለቅዱሱ የገባለት ኪዳን ይነገራል፤ በስሙ ለተራበ የሚያበላ፣ ለተጠማ የሚያጠጣ፣ መታሰቢያውን የሚያደርግ ምሕረትን እንዲያገኝ ነው። ሊቃውንቱ ይህን በኢሳይያስ ምዕራፍ 56 ከተነገረው የስም ተስፋና ጌታ በማቴዎስ ምዕራፍ 10 ስለ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውሃ ከተናገረው ጋር ያያይዙታል። በሕዝቡ አእምሮ ውስጥ ግን ከሁሉ ይልቅ የተቀረጸው በተአምረ ማርያም የሚገኘው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። 78 ነፍስ የበላው ሰው የዳነው በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም በሰጠው ጥርኝ ውሃ ነው። ታሪኩ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል ይታሰባል። የእመቤታችን በዓላት 33 ሆነው እንዲከበሩና ተአምሯ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ካዘዙ ወዲህ፣ ይህ ትምህርት ከገዳም ወጥቶ በገበሬው ጆሮ ደርሷል። ልብ ልንለው የሚገባን፣ በበላዔ ሰብእ እጅ ወንጌልም ሆነ መስቀል አልነበረም፤ የነበረው ውሃ ብቻ ነው። የማኅበርተኛው ጸሎትም እንዲሁ በአብዛኛው በዕቃ የሚጸለይ ነው።

ይህንንም ከአሠራሩ እናያለን። ማኅበሩ ብዙ ጊዜ በሐዋርያት ቍጥር 12 አባላት አሉት፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ በዓመት አንድ ወር ይደርሰዋል። ቍጥሩ ከዚህ የሚበዛበት ወይም የሚያንስበትም አለ። መሪው በብዙ ስፍራ «ሙሴ» ይባላል፤ ይህ ስያሜ ራሱ ለብቻው ጥናት የሚገባው ነው፤ ሙሴ ሕዝቡን የመራ ብቻ ሳይሆን በእግዚአብሔርና በሕዝቡ መካከል የቆመ፣ በነገራቸውም ላይ የፈረደ ነውና። ባለ ተራው ወይም ባለ ተራዋ ከበዓሉ አስቀድሞ ብቅልና ጌሾ ያዘጋጃል፤ ጠላው ይጠነሰሳል፤ ድፎ ዳቦ ይደፋል፤ ቆሎና ንፍሮ ይሰናዳል። ዕለቱ የጾም ቀን እንደ ሆነ ወጡ የጾም ይሆናል። ቤቱ ተጠርጎ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። ይህ ሁሉ ለሌላም ድግስ የሚደረግ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ የተዘጋጀው ምግብና መጠጥ ስሙን መለወጡ ነው። ካህኑ ከባረከው በኋላ ዳቦ ዳቦ፣ ጠላም ጠላ መባሉ ይቀርና ሁለቱም «ጠበል ጸዲቅ» ይባላሉ። ጎረቤትም የሚጠራው «ጠበል ቅመሱ» ተብሎ ነው። ሰው ወደ ድግስ ሲጠራ ብሉ ጠጡ ይባላል፤ ወደ በረከት ሲጠራ ግን ቅመሱ ይባላል፤ መጠኑ ሳይሆን መካፈሉ ነውና የተፈለገው።

ማኅበርተኞቹ ከተሰበሰቡ በኋላ የንስሐ አባት ወይም ሌላ ካህን አቡነ ዘበሰማያት ያደርሳል፤ ከባለ በዓሉ ድርሳን ወይም ተአምር ይነበባል፤ ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፤ ጽዋውም ይዞራል። ጽዋው ብዙ ጊዜ በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነ የሸክላ ዕቃ ነው፤ በአንዳንድ ማኅበር የቅዱሱ ሥዕል አብሮት ይዘዋወራል። በቦታው ላልተገኘው ሕመምተኛ ድርሻው ይላክለታል እንጂ አይታጠፍም። በመጨረሻም ለሚመጣው ወር ተራው የደረሰው ሰው ተነሥቶ ጽዋውን ተሳልሞ ይቀበላል፤ ሁሉም ለከርሞ በሰላም እንዲያደርሳቸው ይመራረቃሉ፤ ተረካቢውም በዕልልታና በዝማሬ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ከዚያች ምሽት ጀምሮ እስከ ወሩ በዓል ድረስ ጽዋው በተረካቢው ቤት ከፍ ባለ ንጹሕ ስፍራ ይቀመጣል። በዚህ መሠረት ማኅበሩ የማይሰበሰብበት ቀን እንጂ የሌለበት ቀን የለም። ባለ ተራው ጽዋው በቤቱ ሳለ ጠብንና መሐላን መጠንቀቅ ይገባዋል፤ ጥሪው ተልኳልና ቤቱ በመጠባበቅ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዕርቁ እንመለስ። በማኅበሩ ሥርዐት የተጣሉ ሰዎች ከአንድ ጽዋ አይጠጡም። ሙሴው ቅር የተሰኘ እንዳለ ይጠይቃል፤ ካለም ነገሩ እዚያው ይሰማል፤ ጥፋተኛው መቀጫ ይከፍላል ወይም ይቅርታ ይጠይቃል፤ ካህኑ ይፈታል። አልታረቅም ያለ ከማኅበሩ እስከ መለየት ሊደርስ ይችላል። ይህን ሥራ የዳኝነት ሥራ ብቻ አድርጎ ማየት ቀላል ነው፤ በእርግጥም በገጠር ብዙ ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በማኅበር አልቋል። ነገር ግን ሽማግሌዎች በሌላ ጊዜ በዛፍ ሥር ሊያስታርቁ ሲችሉ፣ ለምን ከጽዋው አስቀድሞ መሆን አስፈለገው? መልሱ ከላይ በጠቀስነው የማቴዎስ ምዕራፍ ውስጥ ይገኛል። ጠብ ባለበት ጥሪው አይደርስም፤ ጥሪው ካልደረሰ ደግሞ የተጠመቀው ጠላ ጠላ ነው፣ የተጋገረውም ዳቦ ዳቦ ነው።

የኤውሮፓ ሊቃውንትን አሳብ ከዚህ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ሮበርትሰን ስሚዝ በ1889 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ሴማውያን ሃይማኖት በተናገረበት መጽሐፍ፣ የመሥዋዕት ጥንተ ነገሩ ስጦታ ሳይሆን አምላክና አምላኪዎቹ በአንድነት የሚበሉት ማዕድ ነው፤ አብረው በመብላታቸውም ዘመዳሞች ይሆናሉ ሲል አስተምሯል። የእኛን ማኅበር ለሚያይ ሰው ይህ አሳብ በቶሎ ልቡን ይስበዋል፤ ማኅበርተኞች እርስ በርሳቸው እንደ ወንድምና እኅት ይተያያሉና፣ አባል ሲሞትም ብዙ ጊዜ ልጁ በስፍራው ይተካልና። ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በጽዋ ማኅበር የተጠራው እንግዳ አይበላም። የእርሱን ድርሻ የሚበላው ሌላ ነው፤ ማን እንደ ሆነ ጥቂት ቆይቼ እናገራለሁ። ኤሚል ዱርኬም ደግሞ በ1912 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፉ ሰዎች በተሰበሰቡ ጊዜ የሚሰማቸው ከራሳቸው በላይ የሆነ ኃይል የማኅበረሰቡ የራሱ ኃይል ነው ይላል። በዚህ አሳብ ብንሄድ ማኅበሩ የሚጠራው ራሱን ነው ማለት ነው። ማኅበርተኞቹ ግን ሁለቱን ነገሮች በግልጽ ይለያሉ። አባላቱ ሁሉ ተገኝተው፣ ጠላው ሞልቶ፣ ጨዋታውም ደርቶ ሳለ፣ ቂም ያለበት ጉባኤ እንደ ሆነ ረድኤት የለበትም ይላሉ። ስብሰባው ሲሞላ የሚጠራው ሊቀር እንደሚችል የሚያምን ሕዝብ፣ ስብሰባውንና የሚጠራውን አንድ አድርጎ ያምናል ማለት አስቸጋሪ ነው። የዱርኬም አሳብ ለጉባኤው ሙቀት ትርጓሜ ይሰጥ ይሆናል፤ ለዚህ ፍርሃት ግን አይሰጥም።

ዶናልድ ሌቪንም በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ የአማራውን ሕዝብ የግለኝነት ጠባይ አጥብቆ ገልጧል። ከዕለት ኑሮው ብዙ ማስረጃ ሊቀርብለት የሚችል አስተያየት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ግን የጽዋ ማኅበር ይህን ጠባይ የማይክድ፣ አውቆ የሚገራ ሥርዐት ነው፤ ሰዎቹን አንድ የሚያደርጋቸው እርስ በርስ በመተማመናቸው ሳይሆን ሁሉም በአንድ ሦስተኛ ፊት ባለ ዕዳ በመሆናቸው ነው። በእድር ያልከፈለ ለእድርተኛው ዕዳ አለበት። ጽዋ ወስዶ ያላወጣ ግን ዕዳው ለሚካኤል ነው፤ ይህም በአገራችን ከሚያስፈሩት ዕዳዎች አንዱ ነው።

የእንግዳውን ድርሻ የሚበላው ማን ነው? ያልተጠራው ነው። በማኅበር ቀን የመጣ መንገደኛ፣ ለማኝ፣ የቆሎ ተማሪ አይመለስም፤ ማንነቱም አይመረመርም። በበላዔ ሰብእ ታሪክ የለምጻሙ ስም እንዳልተጠየቀ፣ በአብርሃም ቤትም የእንግዶቹ ስም አስቀድሞ እንዳልታወቀ፣ እዚህም አለመታወቁ ራሱ ዋጋ አለው። የማኅበሩ ጥሪ ለማይታየው እንግዳ የተላከ ስለሆነ፣ በበሩ ብቅ ያለው የሚታየው እንግዳ ሁሉ ምናልባት የጥሪው መልስ ሊሆን ይችላል። ከዚህ የተነሣ ጠበል ጸዲቁ ሲዘጋጅ ከአባላቱ ቍጥር የበለጠ ተደርጎ ይዘጋጃል፤ ይህን ትርፍ ብክነት ያሉት የቍጠባ ሰባኪዎች ከድግሱ ሁሉ ዋናውን ክፍል ቀንሱ ማለታቸው መሆኑን አላስተዋሉም።

ስለ ሴቶችም አንድ ነገር ሳልናገር ላልፍ አልወድም። በቤተ መቅደስ ሴት ከመቅደሱ አትገባም፤ የቅዳሴውን ኅብስት የምታዘጋጀውም እርሷ አይደለችም። በማኅበር ግን ዳቦውን የደፋችው፣ ጠላውን የጠመቀችው እርሷ ናት፤ ጽዋውንም ራሷ ትረከባለች፤ የእመቤታችንን ማኅበር ሴቶች ብቻቸውን የሚጠጡበት ስፍራም ብዙ ነው። የጸሎት ታሪካችን በወንዶች እጅ ስለ ተጻፈ ይህ ክፍል በቂ ትኩረት አላገኘም።

ካህናቱ የማኅበሩን ጽዋ ከቍርባኑ ጽዋ መለየታቸውን ማስታወስ ይገባል። ስሙ አንድ ቢሆንም አንደኛው በረድኤት የሚጠራበት፣ ሁለተኛው ደሙ በእውነት የሚሰጥበት ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር በሰንበት የሚደረገው ሰንበቴም የማኅበር ወንድም ነው፤ ዳሩ ግን የሚደረገው በደጀ ሰላም እንጂ በመኖሪያ ቤት ስላልሆነ የአስተናጋጅነቱ ነገር ይለሳለሳል። ሰው በእግዚአብሔር ቤት እግዚአብሔርን እንግዳ ሊያደርገው አይችልም።

በዘመናችን ብዙ ነገር ተለውጧል። በከተማ ጠላው በለስላሳና በጠርሙስ መጠጥ፣ ድፎው በዳቦ ቤት ዳቦ መተካቱ ያሳዘናቸው አሉ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር አይመስለኝም፤ በላዔ ሰብእ የሰጠው ውሃ ነው። በአሜሪካና በኤውሮፓ ከተሞች፣ በዓረብ አገሮችም የሚኖሩ ወገኖቻችን ማኅበራቸውን ከበዓሉ ቀን ወደ ዕረፍት ቀን ማዛወራቸው ከዚህ ይልቅ ያከራክራል፤ እንግዳ የሚመጣው ጠሪው ባመቸው ቀን ነው ወይስ በራሱ ቀን? መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ደግሞ ሌላ ጥያቄ ታየ። አዋጁ የፈቀደው ቍጥር ወንጌል ከጠቀሰው ሁለት ወይም ሦስት ይበልጥ ነበር፤ በቍጥሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥሪውን የሚከለክለው ነገር ባልኖረ ነበር። ነገር ግን በሩን ዘግቶ ማኅበር መጠጣት እንዴት ይቻላል?

ይህ የበር ነገር ከወረርሽኙ በኋላም አልተፈታም። በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአራተኛው ፎቅ ለሚኖር ማኅበርተኛ መንገደኛ ደረጃ ወጥቶ አይመጣለትም፤ በታች ያለው ጥበቃም ቢመጣ አያስገባውም። ስለዚህ ድርሻውን በመሶብና በሰሐን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወርደው ለነዳያን የሚያካፍሉ ማኅበርተኞች አሉ። እንግዳው ወደ ቤት መምጣቱ ቀርቶ ቤቱ ወደ እንግዳው ሄደ ማለት ነው። ነዳያኑ ያገኙት ምግብ አልተለወጠም፤ ምናልባትም በዝቷል። የተለወጠው ባለ ተራው በር ሲንኳኳ ማን እንደ ሆነ ሳያውቅ ብድግ የሚልበት ጊዜ ነው፤ ማኅበርን የሚያጠና ተማሪም ከእንግዲህ ወዲህ ከጽዋው ይልቅ ይህን ጊዜ፣ የት እንደ ሄደና በምን እንደ ተተካ፣ በየሰፈሩ እየዞረ ሊጠይቅ ይገባዋል።